ዳቦ የጾምኩበት ሁዳዴ

ሁዳዴ ሲገባ ዓለም ቀለል ትለኛለች። ሆዴ ባዶ ሲሆን ጆሮዬ ይከፈታል፤ የሩቁ ይቀርበኛል፣ የቅርቡ ይርቀኛል። ቤይሩት ውስጥ፣ አሽራፊዬ ዳገት ላይ ባለ አሮጌ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ በሠራሁባቸው ዓመታት፣ በጾም ጠዋት በረንዳው ላይ ቆሜ ቅርጫቱን በገመድ ወደ መንገዱ ሳወርድ፣ ከታች ያለው ሰውና መኪና ሁሉ ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ይመስለኝ ነበር። ባለሱቁ ዳቦውን ቅርጫቱ ውስጥ ያስቀምጥልኛል፤ እኔ ቀስ ብዬ እስባለሁ፤ ዳቦው ሳይደርስ ሽታው ይደርሳል። ጦርነታቸው ካበቃ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። የፊት ለፊቱ ሕንፃ ግድግዳ ግን ጥይት እንደበሳሳው ነበር፤ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ድንቢጦች ጎጆ ሠርተውበታል። ገመዱን እንደያዝኩ ድንቢጦቹን ሳይ ማዳሜ ከውስጥ «ያላ! ቶሎ በይ!» ትለኛለች።

ቤቱ ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ። ማዳሜ፤ ጠዋት ዛልቃ ወዳለው ሱቁ ሄዶ ሲመሽ የሚመለስ ባሏ፤ የባሏ እናት፣ ሁላችንም ቴታ የምንላቸው፣ ቴታ ማለት አያት ነው፤ እና በዚያ ዓመት የመንግሥት ፈተና ያለባት ልጃቸው። አምስተኛዋ እኔ፣ ከወጥ ቤቱ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል።

ማዳሜ ክፉ ሰው አልነበረችም። አንድ ነገር ብቻ ትፈራለች፣ በሽታ። በጦርነቱ ጊዜ ምድር ቤት ውስጥ ከሚያስሉና ከሚያተኩሳቸው ሰዎች ጋር ተደራርባ ከርማ፣ ቦምቡን ረስታዋለች፣ ሳሉን ግን አልረሳችውም። ከእኔ በፊት የነበረችውን ልጅ አሳላት ብላ ወደ መክተብ መልሳታለች። መክተብ እኛን የሚያስመጣው ቢሮ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ወደ አገር ይልኳታል። ይህን የነገረችኝ በገባሁበት ቀን፣ ፎጣ የሚቀመጥበትን እያሳየችኝ ነው። እኔ ደብረ ብርሃን እናቴ ጋር ያስቀመጥኳት ሴት ልጅ አለችኝ፤ የምትበላውም የምትለብሰውም በእኔ እጅ ነው። ስለዚህ በዚያችው ቀን ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ። እዚህ ቤት መታመም የለም።

የማዳሜ ልጅ ስታጠና አፏ ካልተንቀሳቀሰ አይገባትም ነበር። ትምህርቱ በፈረንሳይኛ ነው፤ እሷ ደግሞ ለሰው ካልተረከችው ጭንቅላቷ ውስጥ አይቀመጥም። እናቷ አትሰማትም፣ ቴታ ጆሯቸው ደክሟል፣ አባቷ የለም። ስለዚህ እኔ ሽንኩርት ስልጥ እሷ ወጥ ቤቱን ከዳር ዳር እየተመላለሰች ታስተምረኛለች። የእኔ ዐረብኛ የድስትና የመጥረጊያ ዐረብኛ ነው፤ እና ምስኪኗ ትምህርቱን ሁሉ ወደ ድስትና ወደ መጥረጊያ ታወርደው ነበር። አገሬ ሳለሁ እስከ ዘጠነኛ ተምሬያለሁ። መምህራችን ሰሌዳው ላይ ክብ ስሎ መሐሉ ላይ ነጥብ ሲያደርግ አስታውሳለሁ፤ ምን እንዳለ ግን አልሰማሁም፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርድ ነበር። የዚያን ቀን ያመለጠኝ ነገር ባሕር ተሻግሬ አሽራፊዬ ወጥ ቤት ጠበቀኝ።

«ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ከሕዋስ ነው የተሠራው» አለችኝ። «ትንሽ ክፍል በዪው። አንዳንዱ ፍጡር አንድ ክፍል ብቻ ነው፣ አንዳንዱ እንደ እኔና እንዳንቺ ስፍር ቁጥር የሌለው ክፍል ነው። ክፍሉ ግን ያኒ፣ ማለቴ፣ ሁለት ዓይነት ነው፣ ኸላስ፣ ሌላ የለም።»

ቴምር አነሳችና ለሁለት ከፈለችው።

«ይኸውልሽ፣ አንደኛው ፍሬ አለው። ትእዛዙ ሁሉ የሚወጣው ከዚህ ፍሬ ነው፤ እንዲህ ብላ፣ እንዲህ እደግ፣ እንዲህ ለሁለት ተከፈል።» ከዚያ ፍሬውን አውጥታ ጣለችና ባዶውን ቴምር አሳየችኝ። «ሁለተኛው ደግሞ ፍሬ የለውም። ትእዛዙ አለ፣ ግን የራሱ ጓዳ የለውም፤ ዝም ብሎ መሐል ላይ ተዘርግቷል። የመጀመሪያዎቹ እነዚህ ናቸው። ከዛፍም ከዓሣም በፊት ምድር ላይ እነሱ ብቻ ነበሩ።»

«ማዳም የሌለችበት ቤት በይኛ» አልኳት።

ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እናቷ ሳሎን ሆና ምን እንደሚያስቃት ጠየቀች። ባዶውን ቴምር እኔ በላሁት።

ከጥቂት ቀን በኋላ አጎቷ ከፈረንሳይ አገር ማይክሮስኮፕ አመጣላት፤ ትንሽ ነው፣ ከሥሩ ብርሃን የሚይዝ መስታወት አለው። እሑድ ነበር፤ ዘንቦ አባርቷል። በሕንፃዎቹ መሐል እንደ ክር የምትታየው ባሕር ነጭ ሆና ነበር። በረንዳው ላይ ጠረጴዛ አወጣንና ፀሐዩን በመስታወቷ ያዝነው።

መጀመሪያ የሽንኩርት ሽፋን አሳየችኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ በዚህ እጄ ስንት ጆንያ ሽንኩርት ልጫለሁ! አንድም ቀን ቤት እንዳፈረስኩ አላወቅኩም ነበር። ክፍል በክፍል ላይ፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ በየክፍሉ አንዳንድ ፍሬ። ከዚያ በእንጨት የጉንጬን ውስጥ ፋቅ አደረገች፣ የራሷንም ፋቀች፤ ሰማያዊ ቀለም ጠብ አድርጋ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠች። ጠርዛቸው የተኮማተረ፣ መሐላቸው ላይ ሰማያዊ ፍሬ ያላቸው ስስ ነገሮች አየሁ። የትኛው የእኔ እንደሆነ ልለይ ብዬ ብዙ ደከምኩ። እንዲያው ጠቆር ያለ ነገር ፈልጌ ነበር፣ አይደበቅም። እሷም የቱ የማን እንደሆነ ጠፋባት። «አንዱ ያንቺ ነው፣ አንዱ የእኔ» ብላ ትከሻዋን ሰበቀች። ዓይኔን ከማይክሮስኮፑ ማንሳት አልፈለግሁም ነበር፤ በዚያ ቤት ከእሷ ጋር ጎን ለጎን የተቀመጥኩት እዚያ ላይ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የላበን ጠብታ አስቀመጠች፤ ላበን እርጎ ነው፣ በየሳምንቱ እኔ ነኝ የማረጋው። እንደ ትቢያ የደቀቁ ነጥቦች ታዩኝ፣ አንዳንዶቹ እንደ መቁጠሪያ ተያይዘዋል። «እነዚህ ናቸው ፍሬ የሌላቸው» አለች። እኔም አንገቴን ነቀነቅሁ፤ ላበን ከጾም በፊት ነው የተሰናበትኩት።

መጨረሻ ላይ እርሾ አመጣች፤ ቴታ ለሊጥ የሚያስቀምጡትን፣ በሞቀ ውሃና በስኳር የነቃውን። ዓይኔን ሳስጠጋ ደነገጥኩ። ክብ ክብ፣ ድንቡል ድንቡል ያሉ ነገሮች ነበሩ። አንዷ ጎኗ ላይ ትንሽዬ ክብ ይዛለች።

«ምንድን ነው ጎኗ ላይ ያለው?»

«ልጇ ነዋ» አለች ልጅቱ። «ትንሽ ቆይቶ ይለያታል።»

«ፍሬ አላቸው?»

«አላቸው። በዚህ ማይክሮስኮፕ ጥርት ብሎ አይታይም እንጂ እንደኛው ናቸው፤ ከላበኑ ይልቅ ለእኛ ይቀርባሉ።»

«ይበላሉ?»

«ስኳር ይበላሉ።»

«ይተነፍሳሉ?»

«ዳቦውን የሚነፋው ምን መሰለሽ? ትንፋሻቸው ነው።»

«ታዲያ ተክል ናቸው?»

«ተክልማ አይደሉም» አለችና ዕቃዋን መሰብሰብ ጀመረች። «ፈተና ላይ ይህን ይጠይቃሉ። ተክል አይደሉም።»

እሷ እንደ ዘበት ተናግራ ሄደች። እኔ ገና በረንዳው ላይ ነበርኩ። ጾም ማለት ለእኔ ቀላል ሕግ ነው፤ ከመሬት የበቀለውን ትበያለሽ፣ እስትንፋስ ካለው ትርቂያለሽ። እናቴ ያስተማረችኝ ይህን ነው። አገሬም እርሾ አለ፣ ዳቦም አለ፣ አልጠፋኝም። ግን እርሾ እንደሚተነፍስ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ሳያውቁ የበሉትን እግዜር አይቆጥርም፤ እኔ ግን አይቻለሁ። ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል። ልቤ ፈረደ። ያቺ ጎኗ ላይ ልጇን የያዘች ክብ ነገር ከዓይኔ አልጠፋ አለች። ልጄን እንደዚያ ጎኔ ላይ አድርጌ ነበር የማስተኛት።

ከማግሥቱ ጀምሮ ዳቦ ተውኩ።

አገር ቤት ቢሆን ችግር አልነበረውም፤ ሽሮው አለ፣ ቆሎው አለ። እዚህ ግን ሩዙ በዶሮ መረቅ ይበስላል፣ ፉሉ ላይ ቅቤ ይጨመራል፣ የጾመኛ ምግብ ለብቻ ለማብሰል ደግሞ ፊት የለኝም። በጾም የምኖረው ኹብዝ በሚሉት ስስ ዳቦ፣ በወይራና ዛዕተር በሚሉት ቅመም ነበር። ኹብዙ ሲወጣ ቀሪው ኪያርና ቲማቲም ነው። ያንንም ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ወረቀት አልነበርኩም።

እውነት ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። የዚያን ጊዜ ያየሁትን ዓለም ጠግቤ አይቼው አላውቅም። የሳሎኑን ወለል ስወለውል እያንዳንዱ ንጣፍ ክፍል ይሆንብኛል፣ በየክፍሉም አንዳች ነገር ተኝቶ ቀስ ብሎ የሚተነፍስ ይመስለኛል፤ ቀሰቅሰው ይሆን ብዬ በጣቴ ጫፍ እራመዳለሁ። አንሶላ ገመድ ላይ ሳሰጣ ነፋሱ ሲገባበት ሲወጣበት፣ ደብረ ብርሃን ያለችው ልጄ እዚያ ተሸፍና የምትስቅ ይመስለኛል። ቴታ ሊጥ አቡክተው ጨርቅ ሲያለብሱት አጠገቡ ቆሜ አዳምጣለሁ። ጨርቁ ቀስ እያለ ከፍ ይላል። ማንም ሳያየኝ ጎንበስ ብዬ በአማርኛ «አይዟችሁ፣ እኔ አልበላችሁም» አልኳቸው። ከሰማይ በታች ያለው ሁሉ፣ ድንቢጦቹ፣ ሽንኩርቱ፣ የማዳሜ የበረንዳ አበባ፣ ባለሱቁ፣ እኔ፣ ሁላችን አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ተደርድረን የምንኖር ጎረቤታሞች መሰለኝ። እናቴን እንኳ እንደዚያ ቅርብ ሆና አግኝቻት አላውቅም።

በመሐሉ የማዳሜ ፋሲካ ደረሰ። እሷ ማሮናዊት ናት፣ የካቶሊክ ወገን፤ ፋሲካዋ በዚያ ዓመት ቀድሞን መጣ። ቴታ ግን ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ፋሲካቸው ከእኛ ጋር ነው የሚውለው። ስለዚህ ቤቱ በጠቦትና በቸኮላታ ሲሞላ ቴታ ጓዳ ውስጥ ወይራቸውን ይበላሉ፤ እኔም እንግዳ አስተናግዳለሁ። የጠቦቱን ሳሕን ሳነሳ ከበደኝና መልሼ አስቀመጥኩት። ማዳሜ አየችኝ።

ከዚያ በኋላ በአንድ ጠዋት ቅርጫቱን ስስብ ገመዱ ረዘመብኝ። ስስብ፣ ስስብ፣ አያልቅም። ድንቢጦቹ ከቀዳዳቸው ወጥተው ነጭ ሆኑ፣ ግድግዳው ነጭ ሆነ፣ ባሕሯ በረንዳው ድረስ መጣች። ከመውደቄ በፊት የማስታውሰው ገመዱ በመዳፌ ውስጥ ሲሸሽ ነው። ኋላ ልጅቱ እንደነገረችኝ ዳቦው መንገዱ ላይ ተበተነ፣ ባለሱቁ አንድ በአንድ እያነሳ እየሳመ ግንብ ላይ አስቀመጠው፣ ወደ ላይም ጮኾ ማዳሜን ጠራት።

ነቅቼ የማዳሜን ፊት ሳይ፣ ያ የምድር ቤቱ ፍርሃት ተመልሶባት ነበር። ወዲያው ወደ ላብራቶሪ ወሰደችኝ፣ ደም ሰጠሁ። ውጤቱ አርብ መጣ፤ ሌላ በሽታ የለም፣ ደሜ ግን በጣም አንሷል። እኔ እፎይ ልል ስል እሷ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ዛሬ ደም ነው፣ ነገ ምን እንደሆነ ማን ያውቃል?» አለች። «እኔ ይህን የምችልበት ልብ የለኝም፣ ሐቢብቲ፣ የኔ ውድ። አልችልም።»

አንጠልያስ ላለው መክተብ ስልክ ደወለች። እሑድ ከምሳ በኋላ ሰውዬው ይወስደኛል፣ በምትኬ ሌላ ልጅ ያመጣል። ክፍሌ ገብቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ሕጌን አፈረስኩ። ልጄ በመስከረም ትምህርት ቤት ልትገባ ነው፤ እኔ ባዶ እጄን በሩ ላይ ስቆም የእናቴ ፊት ታየኝ።

ቅዳሜ ልጅቱ ሻንጣዬን ስታይ ደነገጠች። አጠገቤ ተቀመጠችና የምታውቀውን መጽናኛ ሁሉ አወጣች፤ እሷ የምታውቀው ደግሞ ሕዋስ ነው።

«ደምሽ ይመለሳል» አለችኝ። «ቀዩ የደም ሕዋስ ከሁሉም የተለየ እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሲጀምር ፍሬ ነበረው። ኋላ ግን ያወጣዋል። ብዙ አየር ተሸክሞ ለሌላው ማድረስ አለበትና ቦታ እንዲኖረው ይተወዋል።»

«ፍሬውን ትቶ ይሸከማል?»

«አዎ።»

ከዚያ በኋላ ለቅሶዬን መያዝ አልቻልኩም። ያንን ሕዋስ አወቅኩት፤ ዘመዴ ነው። እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳት፣ ዳቦ እንደተውኩ፣ ለምን እንደተውኩ፣ ለእናቷ ያልነገርኩትም ጾሙን ትከለክለኛለች ብዬ ፈርቼ እንደሆነ። ልጅቱ አፏን በእጇ ያዘች።

«እኔ እኮ ተክል አይደሉም ነው ያልኩት!» አለች። «አትብዪ አላልኩም!»

«አላልሽም» አልኳት። ነገሩን ለማንም እንዳትናገር ለመንኳት፤ እሺ አለችና ተነስታ በቀጥታ ወደ ቴታ ክፍል ሄደች።

እሑድ ቴታ ከቅዳሴ ሲመለሱ ኮታቸውን እንኳ አላወለቁም። ወጥ ቤት ገቡና በሩን ዘጉ፣ ከእኔ ትይዩ ተቀመጡ። በእጃቸው በናፕኪን የተጠቀለለ ክብ ዳቦ አለ፤ ላዩ ላይ የመስቀል ማኅተም ያለበት፣ ቄሳቸው ከቅዳሴ በኋላ ለምእመን የሚሰጡት፣ እንደ እኛ ጸበል ጸዲቅ ያለ ነው። ለእሳቸው ማኅተም ያለበት ዳቦ ሁሉ ቁርባን ነው።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ» አሉ። «ይህን ማን ጋገረው?»

«አላውቅም፣ ቴታ።»

«የእኔ ጎረቤት ነች የጋገረችው። በእርሾ ነው። መሠዊያው ላይ የሚወጣውም እንዲሁ በእርሾ ነው። በእናንተስ?»

በእኛ አገር የቁርባኑ ዳቦ የሚዘጋጀው ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምሥራቅ ባለችው ቤተልሔም ውስጥ ነው፤ ዲያቆናት እንጂ ሴት አትገባባትም። ስንቴ በደጇ አልፌያለሁ፣ ከውስጥ ምን እንደሚቦካ አስቤ አላውቅም። አሁን ግን ትዝ አለኝ። ልጅ ሆኜ በዚያች ደጅ ሳልፍ የሚሸተኝ የኮመጠጠ የሊጥ ሽታ ነበር።

«እኛም በእርሾ ነው መሰለኝ» አልኩ።

«ታዲያ» አሉ ቴታ ዳቦውን እየቆረሱ፣ «አንቺ ከእግዜር በልጠሽ ልትጾሚ ነው? እሱ እነዚያን ትንንሾቹን ሥጋዬ ናቸው ብሎ ጠራቸው፣ አንቺ አይመጥኑኝም ትያለሽ። ያ ሐራም! ነይ፣ አፍሽን ክፈቺ።»

እሳቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉራቸውን የማጥብላቸው፣ ሲነሱ ሲቀመጡ የምደግፋቸው እናት ናቸው። የዚያን ቀን ግን በእጃቸው አጎረሱኝ። ዳቦው ለስለስ ያለ፣ የብርቱካን አበባ ውሃ የሚሸት ነበር። ከዚያው ቁራሽ እሳቸውም ቀመሱ፣ ከዚያ እንደገና ለእኔ። አፌ ውስጥ ያሉትን እናቶችና ልጆች አሰብኳቸው። አልፈራሁም። ይቅርታ ብዬ ዋጥኳቸው።

ቴታ ሳሎን ሄደው ለማዳሜ ምን እንዳሏት ሙሉውን አልሰማሁም። «የታመመች መሰለሽ? ርቧት ነው!» ሲሉ ብቻ ሰማሁ። ማዳሜ መጥታ በሩ ላይ ቆመች፣ ግንባሯን በመዳፏ ይዛ።

«ዳቦ?» አለች። «በዳቦ ምክንያት?»

«አዎ፣ ማዳም።»

መሳቅም ማልቀስም አቃታት። «ኸላስ፣ ሻንጣሽን መልሺ» አለችና ወደ ስልኩ ሮጠች። ስልኩ አንጠልያስ ቢጮኽም የሚያነሳው አልነበረም። ሰውዬው መንገድ ጀምሯል።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። የከፈትኩት እኔ ነኝ። የመክተቡ ሰው ቁልፉን እያንቃጨለ ቆሟል። ከኋላው ከእሷ የሚሰፋ ሹራብ የለበሰች፣ ሻንጣዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ያቀፈች ልጅ አለች። ፀጉሯ ገና የአገር ቤት ሹሩባ ነው። ማዳሜ በፍጥነት አስረዳችው፣ ይቅርታ ጠየቀችው፤ እሱም ተነጫነጨ፣ ቤንዚን አለ፣ እሑድ አለ፣ በኋላ ግን እጁን አወናጭፎ ሊፍቱን ጠራ። አዲሷ ልጅ አንድም ቃል አልገባትም። ከእነሱ አፍ ወደ እኔ ፊት ታያለች። ቦታዋ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ፣ ማን ይንገራት?

«ሌላ ቤት ይወስዱሻል» አልኳት። «አይዞሽ።»

«እሺ፣ እትዬ» አለች።

«በልተሻል?»

ራሷን ነቀነቀች፣ አልበላሁም። ወጥ ቤት ሮጬ የቀረውን ግማሽ ዳቦ ከነናፕኪኑ አመጣሁላት። ሊፍቱ ደርሶ ሰውዬው ገብቶ በሩን በእግሩ ይዞ ይጠብቃታል። ዳቦውን ተቀበለች፣ አሸተተችው፤ ወደ አፏ ግን አላስጠጋችውም። ቀና ብላ አየችኝ።

«የጾም ነው?» አለችኝ።

«የጾም ነው» አልኳት። «ብዪ።»